አሰሳው ሳይመጣ

ወንድሞቼ፣ በዕድሜ የምትስተካከሉኝ የሳሪስ አቦ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቱ አይደለም፤ ወጣቱ የኛን ቃል የሚሰማበት ጊዜ ወይ አልፏል ወይ ገና አልደረሰም። የምጽፈው ከአልጋው ሥር ወይም ከኮርኒሱ ውስጥ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ካስቀመጠ ዓመታት ላለፉት፣ «የአባቴ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል» እያለ ተረጋግቶ ለሚያድረው እኩያዬ ነው። ክፉ ነገር ሳይደርስ የሚናገር ሰው እንደ ሟርተኛ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ቢሆንም በጎልማሳነቴ ያየሁት መከራ በሽምግልናዬ በዚያው መንገድ ሲመለስ እያየሁ፣ ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ዝም ብል ኋላ ከሐዘን በቀር የማተርፈው የለም።

በቅርቡ በአቦ ዕለት፣ ከቅዳሴ ወጥተን በግቢው ተቀምጠን ሳለ ወሬው ወደ ጠብመንጃ ዞረ። አንዱ ለክላሽ የሚፈቀደው አንድ ካዝና ብቻ ነው አለ። ሌላው የለም ሁለት ነው፣ የእኔን ሁለቱንም አይተው ነው የመዘገቡልኝ ብሎ ተከራከረ። ከገጠር ዘመዶቹ ጋር የሚመላለሰው ሦስተኛው ደግሞ፣ እዚያ ዝናሩን ሞልቶ ገበያ የሚወጣን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም ሲል ሳቀ። አራተኛው ለግለሰብ ሽጉጥ እንጂ ክላሽ ከነጭራሹ ክልክል ነው ብሎ ማለ። ሁሉም በሙሉ ልብ ተናገረ፤ ስለ መሣሪያ የወጣውን አዋጅ ገልጦ ያነበበ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ የመልሱ መለያየት አይደለም። ያስፈራኝ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መልስ እንደ ሕግ ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱ፣ ቤቱም ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱበት መሣሪያ አንዱ የነበረው ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ይተፋ ነበር፤ ሁለተኛውን እስኪያጎርሱት ድረስ ተኳሹ የሚያስብበት፣ ተተኳሹም የሚያመልጥበት ፋታ ነበረ። ምንሽርና መውዜር መጡና አምስት አምስት ጎረሱ። ዛሬ በየቤቱ የተሸሸገው ክላሽ በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፣ የተቆጣ ልጅም ጣቱን ከምላጩ ሳያነሳ በጥቂት ሴኮንዶች ይጨርሰዋል። መሣሪያው ይህን ያህል ሲለወጥ የኛ ልብ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ስለ ክላሽ የምናወራው ስለ ውጅግራ በሚወራበት ቋንቋ፣ ስለ ጀግንነትና ስለ ውርስ እያልን ነው። ካዝናው ስንት ይይዛል፣ ስንት ካዝናስ በአንድ ቤት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ለአያቶቻችን ትርጉም አልነበረውም። ለኛ ግን የሞትና የሕይወት፣ የእስርና የነፃነት ጥያቄ ሆኗል፤ እኛም በጨዋታ መካከል እያነሳን እንጥለዋለን።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ያሳሰሰ ጊዜ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ጎልማሶች ነበራችሁና የምናገረውን ታውቁታላችሁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ከወጣ በኋላ የተቋቋሙት ቀበሌዎች ያን ጊዜ አብዮት ጥበቃቸውን አስታጥቀው ነበር። አሰሳው በመጣ ጊዜ ማን መሣሪያ መያዝ እንደሚችል፣ የትኛው ወረቀት እንደሚያድንና የትኛው እንደሚያስጠይቅ በግልጽ የሚናገር አልነበረም፤ ቢኖርም በአንዱ ቀበሌ የተባለው በሚቀጥለው ቀበሌ አይሠራም። የማውቀው አንድ ሰው በንጉሡ ዘመን የተሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት የአደን ጠብመንጃ ፈቃድ ነበረው። ወረቀቱ ያስከብረኛል ብሎ ራሱ አውጥቶ አሳየ። አሳሾቹ ግን ወረቀቱን ያነበቡት እንደ ፈቃድ ሳይሆን የማን ወገን እንደነበረ እንደሚመሰክር ሰነድ ነው፤ ከዚያች ቀን በኋላ ደጃፉ ላይ አላየሁትም። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ በዚያ ሌሊት የያዘውን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣለ፣ አንዳንዱም ወደ አቃቂ ወንዝ ወረደ። ሌላው ደግሞ ጓሮውን ቆፍሮ ቀበረ፤ ቀብሮም ዝም አለ፣ ዝም ብሎም ሞተ። ልጆቹ ዛሬ ያ ጓሮ ለኮንዶሚኒየም መሠረት ሲቆፈር ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ ቆመው ያያሉ።

ከዚያ ደግሞ 1983 መጣ። የተበተነው ወታደር በእግሩ ሲጓዝ፣ የተራበው ክላሹን ለዳቦ መግዣ ሲለውጥ፣ የደከመው በየአጥሩ ሥር ጥሎ ሲሄድ አይተናል። ያነሳው ሰው ሁሉ ወንበዴ አልነበረም። ብዙው ቤቱን እጠብቅበታለሁ ያለ አባወራ ነበር። ደርግ በወደቀ በሳምንቱ እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ብዙ ሰው ሲያልቅ፣ የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው፣ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይም የሞተው በዚያው ፍንዳታ ነበር። ያን ቀን የቤታችን መስኮት ሲረግፍ፣ በየቤታችን ያስገባነው ብረት ሁሉ የዚያው እሳት ፍንጣሪ እንደሆነ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር። አዲሱ መንግሥት የመሣሪያ ጉዳይን በተለያየ ጊዜ በተለያየ እጅ ያዘው፤ እዚህ የቀበሌ ወረቀት፣ እዚያ የሚሊሻ መታወቂያ፣ ሌላ ቦታ የፖሊስ መዝገብ ሆነ። ወረቀቱ ተከማቸ፣ መሣሪያውም ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ መሣሪያውና ወረቀቱ በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አጸደቀ። ሕጉ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ መሆኑን ደነገገ፣ ማን ምን ዓይነትና ስንት ሊይዝ እንደሚችል ወሰነ፣ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩትም ወደ ሕጉ የሚገቡበት መሸጋገሪያ አበጀ። እኔ በበኩሌ ሕጉ መውጣቱን አልቃወምም፤ ይልቁንም ዘግይቷል ባይ ነኝ። የሚያሳዝነኝ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ መቅረቱ፣ በእድር ድንኳንና በወረዳ ስብሰባ አለመነበቡ ነው። ስለ ግብርና ስለ ቤት ካርታ የወጣ መመሪያ በአንድ ሳምንት ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ልጅህን ሊያሳስር የሚችል አዋጅ ግን ዓመታት አልፈውት በአሉባልታ ይተረጎማል። ሹማምንቱ ይህን ቢሰሙኝ ደስ አይላቸውም ይሆናል፤ ነገር ግን ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን ለባላገሩና ለጡረተኛው በሚገባው ቃል የመንገር ዕዳ አለበት።

እነሱ ዕዳቸውን ባይከፍሉም ታዲያ ዳኛው ለኛ አይራራም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕጉን አላወቅሁም ወይም ተሳስቼ ተረዳሁት ማለት መከላከያ እንደማይሆን በግልጽ አስቀምጧል። በቅን ልቦና የተሳሳተና ለስህተቱም በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል፣ እጅግ በተለየ ሁኔታም ሊቀርለት እንደሚችል ያው አንቀጽ ይፈቅዳል። ያን በቂ ምክንያት የሚያስረዳው ግን ተከሳሹ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ወዳጄ ሁለት ካዝና ይፈቀዳል ብሎኝ ነበር የሚል ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እስቲ አስቡት።

ነገሩ በጭንቅ ጊዜ ደግሞ የባሰ ይወሳሰባል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ከተማችን ቀርቧል በተባለበት ቀን፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ መሣሪያ ያለው ነዋሪ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ጥሪ አደረገ፤ አካባቢውን መጠበቅ የማይችል ደግሞ መሣሪያውን ለመንግሥት ወይም ለቅርብ ዘመዱና ለወዳጁ እንዲሰጥ መከረ። በዚያው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ፈቃድ ለአንድ ሰው በስሙ የሚሰጥ ነገር ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት ለእህቱ ልጅ ወይም ለጎረቤቱ መሣሪያ ያስረከበ አዛውንት ዛሬ ምን ላይ ነው? የተቀበለውስ ወጣት በማን ስም ነው የያዘው? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በየካቲት 2014 ተነሣ፤ መሣሪያዎቹ ግን አብረው አልተነሡም። በጥድፊያ የተጻፈ ዝርዝር፣ ማኅተም የሌለው የመዝገብ ቁጥር፣ «መዝግበናል፣ ሂድ» የተባለ ቃል ብቻ ይዞ የቀረ ሰው በዚህ ሰፈር እንዳለ አውቃለሁ። ያ ምዝገባ በ2012ቱ አዋጅ ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር አንድ ነው ብሎ የሚያስብም ብዙ ነው። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እዚያ ያሉ ወንድሞቻችን ትናንት ገበያ ይዘውት የሚወጡት ጠብመንጃ በአንድ ሌሊት መልኩ እንደተለወጠባቸው ሰምታችኋል። የሰላም ጊዜ ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ በጭንቅ ጊዜ የሚሰጥም ትእዛዝ ጭንቁ ሲያልፍ ማንን እንደሚያስጠይቅ አይታወቅም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእድራችን አንድ ሰው አረፈ፤ ጨዋ፣ ከሰው ጋር ያልተጣላ፣ ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ ልጆቹ ዕቃውን ሲለዩ ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ የተጠቀለለ ሽጉጥ አገኙ። ሽጉጡ ዘይት የተቀባ፣ ካዝናው ጥይት የሞላ ነበር፤ በጎኑም ሌላ የተሞላ ካዝና። ከሥሩ አራት ላይ ታጥፎ በእጥፋቱ የተበጣጠሰ ወረቀት ተገኘ። ክቡ ሐምራዊ ማኅተም ደብዝዞ የቀበሌው ቁጥር ብቻ ይነበባል፤ ያ ቀበሌ ግን ስሙም ቢሮውም ከጠፋ ቆይቷል። የመሣሪያው ቁጥር በተጻፈበት መስመር ላይ የመጨረሻዎቹን አሃዞች እርጥበት በልቷቸዋል። ወረቀቱ ስለ ሽጉጡ ይናገራል፤ ስለ ጥይቱ ብዛትም ሆነ ስለ ሁለተኛው ካዝና አንድም ቃል የለበትም።

የበኩር ልጁ ሕግ አክባሪ ነውና ላስረክብ አለ። በጥቁር ፌስታል አድርጎ ከመኪናው ወንበር ሥር አስቀመጠና ተነሣ። ከመድረሱ በፊት በመንገድ ፍተሻ ቆመ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱ ሊያስረክብ የሚሄድ ልጅ መሆኑ ቀርቶ በመኪናው ውስጥ የተደበቀ የተጎረሰ ሽጉጥና ትርፍ ካዝና የተገኘበት ሰው ሆነ። ፖሊሱ ሥራውን ሠራ፤ በሱ ቦታ ሆኜ እኔም ሌላ አላደርግም ነበር። ሊያስረክብ ነበር ብሎ የሚመሰክርለት አንድ መስመር ጽሑፍ ግን ልጁ አልነበረውም። ወራት ተመላለሰ፣ ሥራውን አጣ፣ እናቱም በአባቱ ሐዘን ላይ የልጅ ጭንቀት ጨመረባት። ያ ሁሉ የሆነው አባትየው በሕይወት ሳለ አንድ ጠዋት ወጥቶ ባለመጠየቁ ነው። ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ተሸክመው በዚህ በኛ መንገድ ሲያልፉ የኖሩትን እናቶች ታስታውሳላችሁ፤ ከመካከላቸው ልጄ ክፉ ሰው ነው የምትል አንዲትም አልሰማሁም፣ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነበር።

ይህ ግራ መጋባት የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን በካዝና ጉዳይ ምን ያህል እንደሚታመሱ ጠይቋቸው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና በቤት ማኖር እንዲከለከል አጸደቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ ክልከላውን ሻረው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሕዝቡ ወደ ሱቅ ጎረፈ፤ ሳምንት ሲሞላ ሽያጩ ታገደ። ከዓመታት ሙግት በኋላም የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ለክልከላው ፈረደ። በሙግቱ ዓመታት አንድ ዓይነት ካዝና፣ በአንድ ጎዳና ላይ ባሉ ሁለት ቤቶች፣ በየትኛው ቀን እንደተገዛ ብቻ ተለይቶ አንዱን ያስጠይቃል ሌላውን አያስጠይቅም ማለት ነበር። ኒው ዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ካዝናው 10 ሊይዝ ይችላል፣ ሰውየው ግን ከ7 በላይ እንዳይሞላበት አለች፤ ስምንተኛዋን ጥይት የሚፈልግ ፖሊስ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያስፈልገው እኔ አይገባኝም፣ ፍርድ ቤትም ያንን ክፍል በዚያው ዓመት ጣለው። እነሱ ግን ቢያንስ የሚከራከሩት በአደባባይ፣ ዳኛው በጽሑፍ በሰጠው ውሳኔ ላይ ነው። ባለመሣሪያው ጠበቃ ይጠይቃል፣ ማኅበሩ ይሟገትለታል። እኛ ዘንድ የሚከራከረው ወሬ ከወሬ ጋር ነው፣ ውሳኔውም የሚነበበው በፍተሻው ሌሊት ነው።

እንዲህ ከቀጠልን የሚሆነውን እነግራችኋለሁ፤ የማላውቀውን እየተነበይኩ ሳይሆን ያየሁትን እየደገምኩ ነው። አንድ ቀን ከተማዋ ትጨነቃለች፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ትጨነቃለች። በዚያ ቀን ቤት ለቤት የሚገባው ሰው ወጣት ይሆናል፣ ይቸኩላል፣ ይፈራልም፤ የፈራ ታጣቂ ደግሞ ደብዛዛ ማኅተም አያነብም። አንድ ካዝና የተፈቀደለት ሰው ሁለት ሲገኝበት ሁለተኛው ለምን ዓላማ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ለጥያቄውም ያ ሰዓት የሚፈልገው መልስ ይሰጠዋል። በወሬ የያዝነው «ይፈቀዳል» ሁሉ በዚያ ሌሊት ይተናል። ጓሮ የቀበረው የቀበረበትን ይረሳል፣ ልጁ ያገኘዋል፤ ለዘመድ የሰጠው ዘመዱ ለማን እንዳሳለፈው አያውቅም። ከዚያም የከፋ አለ፤ አያቱ ያስቀመጠውን የሚያውቅ የልጅ ልጅ በሰፈር ጠብ ሲበሳጭ የሚሄደው ወደዚያ ሣጥን ነው። ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ ከሚተኮሰው ጥይት መካከል በማያውቁት ሰው ጣሪያ ላይ የወረደው ስንት እንደሆነ ይህ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ 30 የሚይዝ ካዝና ከልጆች መኝታ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያድራል።

ዛሬ ግን መንገዱ ሰላም ነው። የአቦ ማዞሪያው ባቡር ይመላለሳል፣ ፖሊስ ጣቢያው በቀን ክፍት ነው፣ የሚጠይቅ ሰው እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ጠያቂ የሚታይበት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በ1969 አልነበረንም፣ በ1983ም አልነበረንም፣ በ2014ም የተሰጠን ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። መሣሪያውን ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ ባዶ እጃችሁን ሂዱ፤ የዚያን ልጅ ነገር አትርሱ። ወረቀት ያላችሁ ወረቀቱን ብቻ ያዙ፣ የሌላችሁ መታወቂያችሁን። ብቻችሁን ለመሄድ ከፈራችሁ ጠበቃ ወይም የእድሩን ዳኛ ይዛችሁ ሂዱ። ስለ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ካዝናውና ስለ ጥይቱም በስሙ ጠይቁ፤ መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ጽሑፍ እስኪሰጣችሁ ድረስ በትዕግሥት ተመላለሱ። በፈቃዱ ላይ ያልተጻፈ ማናቸውንም ነገር እንደተከለከለ ቁጠሩት። አስረክቡ ከተባላችሁ እንዴትና በማን እጅ እንደምታስረክቡ እነሱ ይንገሯችሁ፣ ደረሰኙንም ከልደት ምስክር ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡ። በ2014 ለዘመድ የሰጣችሁ ዘመዱን ፈልጋችሁ አብራችሁ ሂዱ። ጓሮ የቀበራችሁም ቦታውን ሳትረሱት፣ ዶማ ሳታነሡ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለልጆቻችሁም ነገሩን ዛሬ ማታ ራሳችሁ ንገሯቸው፤ ከአርባችሁ በኋላ ከሣጥን ውስጥ እንዲያገኙት አትተዉላቸው።